መቀመጥ ለማትችል ሴት የተመረጠ መኪና

ለተከበሩ የተሽከርካሪ አቅርቦትና አወጋገድ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብሁ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወገብዎና ዳሌዎም ከወንበር ሲነሡና በወንበር ሲቀመጡ ያለ ማንም ድጋፍ የሚታዘዙልዎ ይሆኑ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ፤ ይህንንም የምመኘው ለወግ ያህል ሳይሆን፣ መቀመጥ የሚባለው ነገር ምን ያህል ታላቅ ጸጋ እንደ ሆነ በቤቴ ውስጥ በየዕለቱ ስለማይ፣ መምሪያዎም ለዚህ ጸጋ ያለውን ልዩ ፍቅር በቅርቡ ስለ ተረዳሁ ነው።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በቢሮዎ ደጃፍ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ጸሐፊዎም ፈጽሞ በማይለወጥ ፈገግታ «ስብሰባ ላይ ናቸው አባባ» እያሉ በክብር ሲሸኙኝ ቆይተዋል። በኋላ ግን አንድ ወዳጄ፣ በትልልቅ ስብሰባዎች ላይ ከሁሉ ይልቅ በትጋት የሚሠራው ሥራ ጋዜጣ ማንበብ መሆኑን ስላጫወተኝ፣ እርስዎን ከሥራዎ ሳላናጥብ የማገኝበት መንገድ ይህ ብቻ መሆኑን ተረዳሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን በአጭሩ ላስረዳ። የምንኖረው ከከተማው በላይ፣ በዳገቱ ጫፍ ላይ በተሠራ ሠፈር ነው። ባለቤቴ ከዓመታት በፊት ከደረጃ ወድቃ የተሰበረው ዳሌዋ አልገጥም ብሎ ስለ ቀረ መተኛት ትችላለች፣ ሰው ደግፏት ለጥቂት ጊዜ መቆምም ትችላለች፣ መቀመጥ ግን አትችልም። በዚህ ላይ ኩላሊቶቿ ሥራቸውን ካቆሙ ወዲህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ታች ከተማ ወዳለው ሆስፒታል እየወረደች ደሟን በመሣሪያ መታጠብ አለባት፤ ካልታጠበች ምን እንደሚከተል ሐኪሙ ከእኔም ከእርሷም አልደበቀም። ሲያወርዳትና ሲያወጣት የኖረው የሠፈራችን ጤና ጣቢያ አሮጌ ፒክአፕ ነው። ጋቢናዋ ሁለት ሰው በጭንቅ የሚይዝ፣ የኋላ መጫኛዋ ግን ፍራሽ ተነጥፎበት ሰው እግሩን እንደ ልቡ ዘርግቶ የሚተኛበት፣ የመጀመሪያ ቀለሟ ምን እንደ ነበረ ሽማግሌዎች የሚከራከሩበት ይህችን መኪና፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ እንደ ታላቅ እኅት «እታለም» ይላታል።

እታለም በቁልፍ መነሣት ከተወች ዘመን ስለ ሆናት፣ የምታድረው በእኛ ደጅ ካለው ቁልቁለት ላይ ነበር፤ አፍንጫዋ ወደ ታች ዞሮ፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ተሸጉጦ። ባለቤቴ የምትወርድበት ጠዋት ሲሆን ዳቦ ሻጩ፣ ጫማ ሰፊው፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚሸኙ እናቶች ማንም ሳይጠራቸው ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ድንጋዩን ያነሣል፣ ሌሎቹ ይገፋሉ፣ «ቀስ በሉ» ማለት ስለሚያዘወትር «ቀስበሉ» ተብሎ የቀረው ሾፌራችን ማርሹን ያስገባል፣ መኪናዋም አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጣ፣ ሁለት ጊዜ ስላ፣ ትነሣለች። ባለቤቴ ከፍራሿ ላይ ሆና፣ «እኔን ታማለች ብለው ስሜን አጠፉት እንጂ፣ የእርሷን ሳል ማን ይስማላት» ትል ነበር።

ሌላ መኪና ለምን አትፈልጉም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የሆስፒታሉ አምቡላንስ ድንገት ለወደቀ ሰው እንጂ በቀጠሮ ለሚታመም ሰው እንደማይንቀሳቀስ ተነግሮናል፤ ወደ ሠፈራችን የሚወጣ ሌላ ረጅም መኪና ቢኖር ድንጋይ የሚያመላልሰው ገልባጭ ብቻ ሲሆን፣ ሾፌሩ እጅግ ደግ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ሆስፒታል ደጅ ሲደርስ እጁ በልማድ ወደ መገልበጫው እንዳይሄድበት ፈርቶ ይቅርታ ጠይቆናል።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ፤ በመጀመሪያ የማመሰግንዎ መምሪያዎ ስለ አሮጌ መኪናዎች ጤንነት ባለው ርኅራኄ ስላወጣው የመለዋወጫ መመሪያ ነው። መመሪያው፣ እርስዎ ከእኔ በተሻለ እንደሚያውቁት፣ የተበላሸው ዕቃ ሳይመለስ አዲሱ እንደማይሰጥ፣ መኪናውም ራሱ ወደ ንብረት ክፍሉ ወርዶ በዐይን ካልታየ ብልሽቱ እንደ ብልሽት እንደማይቆጠር ይደነግጋል። የእታለም ፍሬን መያዝ ባቆመ ጊዜ ይህን ያረቀቀው አእምሮ ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ ገባን፤ ፍሬን ለመጠየቅ ያን ሁሉ ቁልቁለት ያለ ፍሬን መውረድ ነበረባትና። ቀስበሉ በአንደኛ ማርሽ እየጎተተ፣ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ከፊት ከፊት እየሮጠ «ዞር በሉ፣ ፍሬን የላትም» እያለ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ከመንገድ እያስነሣ፣ መኪናዋ ከግቢያችሁ ገብታ በአሸዋ ክምር ላይ ተሰክታ ቆመች። የንብረት ክፍሉ ሹም ወጥተው፣ ዞረው ዞረው ካዩአት በኋላ፣ ያለ ፍሬን እስከዚህ ድረስ በሰላም መድረስ የቻለች መኪና ፍሬን ለምን እንዳስፈለጋት በጽሑፍ እንዲብራራላቸው ጠየቁ። ክቡር ሆይ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ሲጠይቀኝ ኖሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ገጥሞኝ አያውቅም፤ መልሱን ዛሬም እየፈለግሁ ነው፤ እታለምም ከዚያ ወዲህ ያለ ፍሬን፣ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተተች መውረዷን ቀጠለች።

የሞተሯ ውኃ ማቀዝቀዣ በተቀደደ ጊዜ ደግሞ የመመሪያው ጥበብ ይበልጥ ተገለጠልን፤ ማቀዝቀዣው ተፈትቶ ካልወጣ አይመለስም፣ ተፈትቶ ከወጣ ደግሞ መኪናዋ ሄዳ አትታይም። ማንኛውንም ነገር ሲጠይቁት «ነገ ጠዋት ትደርሳለች» ስለሚል «ነገጠዋት» የምንለው መካኒካችን ቀዳዳውን በሳሙናና በማጣበቂያ ደፍኖ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዕለቱ አደረሰ። ቀስበሉም በየደጁ እየቆመ ውኃ እየለመነ፣ እናቶች ጀሪካን ይዘው እየተቀበሉት፣ እንደ ሕመምተኛ እያስታመመ አወረዳት። ማቀዝቀዣው ተፈትቶ፣ ተመዝግቦ፣ ተመላሽ ሆነ፤ አዲሱን የሚያወጡት ሹም ግን በዚያው ዕለት ስለ ቀልጣፋ የንብረት አሰጣጥ ሥልጠና ሊወስዱ ሄደው ነበርና፣ እታለም ሥልጠናው እስኪያልቅ ድረስ በግቢያችሁ ሆድ ዕቃዋ እንደ ተከፈተ ቆመች። በዚያ ሳምንት ባለቤቴ አልታጠበችም። ፊቷ አብጦ ዐይኖቿ መገለጥ እስኪያቅታቸው ድረስ ደረሰ፤ በኋላ እንደ ምንም ተርፋ መናገር ስትችል መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ ሰውዬው ሥልጠናውን አልፎ እንደ ሆነ ነው። አልፈው ነበር፤ የምስክር ወረቀታቸውም ከመስኮታቸው በላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ።

፪ኛ፤ ቀጥሎ የማመሰግንዎ መምሪያዎ በእታለም እርጅና አዝኖ ምትክ ሊመርጥላት ስለ መነሣቱ ነው። ይህን ስንሰማ፣ ነገርን ማጣመም ስለማልወድ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎን ነበር። አሮጌ መኪና እንወድዳለን እንጂ ቁልቁለት በወረድን ቁጥር ትንፋሻችንን መያዝ አንወድድም። የመራጮች ኮሚቴዎ ሦስት መኪናዎችን አስነድቶ በጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አሰለፋቸው። አንደኛው ቁርጥ እታለምን በልጅነቷ የመሰለ፣ አንድ ጋቢና ያለው፣ መጫኛው ረጅም የሆነ ፒክአፕ ነበር። ሁለተኛው ዙሪያውን የተሸፈነ ሲሆን፣ መልኩ ባያምርም ሰው ተኝቶ ሊሄድበት የሚችል ነበር። ሦስተኛው ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ሙሽራ ነበረ። ሁለት ረድፍ የቆዳ ወንበር፣ እንደ ልብ የሚያበርድ ነፋስ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ኋላውን የሚያሳይ መስታወት የመሰለ ሰሌዳ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ከጀርባው ተረስታ ኋላ የተቀጠለች የምትመስል፣ አንድ ከረጢት ስሚንቶና የአንድ ሰው ቅሬታ የምትይዝ መጫኛ ነበረችው።

ኮሚቴዎ ምርጫውን የፈጸመው በመቀመጥ ነው። አባላቱ ተራ በተራ፣ ቀጥሎም በአንድነት ተቀመጡ፤ አንደኛው ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ ተቀመጡ፤ ይህም ለሦስተኛው መኪና ትልቅ ምስክር ሆኖ ተቆጠረለትና ተመረጠ። የተኛ ሰው እንደሚጫንበት ከሚያውቁት ከጤና ጣቢያው ሠራተኞችም ሆነ ከሠፈሩ ሰዎች አንድ እንኳ መጫኛው ላይ ወጥቶ አልተጋደመም። ይህ የመምሪያዎ ጥፋት አይደለም፤ የእኛ ክፉ ልማድ ነው። እንግዳ ስጦታ ይዞ ሲመጣ በፊቱ ሜትር መዘርጋት በሠፈራችን ነውር ነው። አዋላጇ ልትወጣ አንድ እግሯን አንሥታ፣ ሴት ልጅ በእንግዶች ፊት መኪና ላይ ብትጋደም ምን እንደምትባል ትዝ ሲላት መለሰችው። የሠፈሩን አልጋም ሬሣ ሣጥንም የሚሠራው አናጢያችን ቁመቱ ከሁላችንም ስለሚበልጥ፣ ሰዎች «ግባና ተጋደምባት፣ እንያት» እያሉ ከኋላ ሲገፉት፣ «እኔ ሰው የምለካው ካረፈ በኋላ ነው፤ በቁሜ ራሴን ለክቼ ብገባ ሚስቴ በር ትከፍትልኛለች?» ብሎ ከሰው መሐል ተሸሸገ። እንዲህ ባለው ይሉኝታ፣ አንድ ሰው ለአፍታ ቢተኛ የሚታወቀውን ነገር ሁላችንም በክብር ቆመን አሳለፍነው።

የተናገረች የባለቤቴ ታናሽ እኅት ብቻ ናት፤ እርሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ይሉኝታ የሚባል ያልፈጠረባት ሴት ናት። እኅቷ የምትጓዘው ተኝታ መሆኑን ገልጻ፣ በዚህ ላይ የት እንደምትተኛ የኮሚቴውን ሰብሳቢ ጠየቀቻቸው። ሰብሳቢውም በፍጹም ትሕትና፣ «እትዬ፣ ምን ቸገረዎት፣ ወንበሩ እኮ ይተኛል» ብለው፣ የፊተኛውን ወንበር እጀታ ሲጎትቱት ወንበሩ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ አለ፤ ሕዝቡም እንግዶቹ ለመሄድ የሚቸኩሉ ስለ መሰለው ነገሩን ሊዘጋላቸው አጨበጨበ። የባለቤቴ እኅት ግን ሳታጨበጭብ፣ «ወንበሩማ ይተኛ፣ ደክሞት ይሆናል» ብላ ወጣች። ያ ወንበር የጉዞ መሪ ለሚባል ሰው የተመደበ መሆኑንና ሕመምተኛ እንዳይቀመጥበት መከልከሉን የሰማነው በኋላ ነው።

፫ኛ፤ ስለ ርክክቡ ፈጣንነትም አመሰግናለሁ። አሮጌው ሳይመለስ አዲሱ እንዳይሰጥ የሚለው መመሪያ ለመኪናም ይሠራልና፣ ሁለቱን ለጥቂት ሳምንታት ጎን ለጎን አቆይቶ ማየት እንደማይቻል ተነግሮን፣ እታለም በዚያው ዕለት ተገፍታ ተነሣችና ወደ ግቢያችሁ ወረደች፤ ለሐራጅም ተመደበች። ቀስበሉ የአዲሱን ቁልፍ ሲቀበል እንደ ሐዘንተኛ ባርኔጣውን አውልቆ እንደ ነበር ሰዎች ነግረውኛል፤ እኔ ቤት ነበርሁ፤ ባለቤቴ የእታለም ሞተር ሲነሣ ድምፁን ሰምታ፣ ዛሬ ቀጠሮዋ ነው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ።

፬ኛ፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ምስጋናዬን የማቀርበው ስለ አዲሱ መኪና የመጀመሪያ ጉዞ ነው።

በዚያ ጠዋት ባለቤቴን ወንበሩ ላይ ልናስቀምጣት ሞከርን፤ ያሰማችውን ድምፅ በዚህ ጨዋ ደብዳቤ ውስጥ አላሰፍረውም። የኋላው ወንበር ርዝመትም ዳሌዋ ሳይታጠፍ ለመጋደም አልበቃትም፤ ስለዚህ የመጫኛውን የኋላ መዝጊያ ከፍተን፣ ፍራሹን አጥፈን፣ እርሷን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አግድመን አስተኛናት፤ ያም ሆኖ ከጉልበቷ በታች ያለው እግሯ ከመኪናው ውጭ በአየር ላይ ቀረ። መኪናው መዝጊያው ሳይዘጋ እንዳይነዳ የሚል ትእዛዝ ከመሪው አጠገብ ተለጥፎአል። ቀስበሉ ትእዛዙን አየ፣ ባለቤቴን አየ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ «ቀስ በሉ» አለና ቁልፉን ዞር አደረገ። ሞተሩ ያለ ግፊያ፣ ያለ ሳል ተነሣ፤ ውዳሴዬን እዚህ ላይ አልነፍገውም። እኅቷ ከመጫኛው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ እግሮቿን እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ እኔም እጇን ይዤ ወረድን።

ከከተማው መግቢያ ላይ አንድ የትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ስለ ተከፈተው መዝጊያ ሊጠይቀን መስሎኝ መልስ ሳዘጋጅ፣ እርሱን ያሳሰበው ሌላ ነገር ሆነ፤ ከመጫኛ ውጭ የተረፈ ጭነት ሁሉ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እንዲታሰርበት ሕጉ ያዛልና፣ ጨርቁ የለም። ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም። ከሞተር ብስክሌቱ ኮሮጆ ውስጥ ራሱ ፈልጎ ቁራጭ ቀይ ጨርቅ አመጣና፣ እንዳያማት እየተጠነቀቀ በባለቤቴ ቀኝ ቁርጭምጭሚት ላይ እያሰረ፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና እንዳይገጭዎት ብዬ ነው» አላት። እርሷም፣ «ግዴለም ልጄ፤ ለግራውም ካለህ ጨምርልኝ፣ ታኮርፍብኛለች» አለችው። ሊሥቅ ጀምሮ ፊቱን አዞረ፤ መንገዱን ለቀቀልን።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ዘበኛው መኪናውን ሳይሆን ጨርቁን አየና፣ ዕቃ የሚገባው በኋላ በር መሆኑን በእጁ ምልክት አሳየን። እኅቷ ወርዳ እስክትጣላው፣ እርሱም ጠጋ ብሎ አይቶ እስኪደነግጥ ድረስ፣ ከኋላ በር ፊት ለፊት ስሚንቶ ከጫነና የኦክስጅን ሲሊንደር ከጫነ መኪና መሐል ተሰልፈን ቆየን። በዚያ ሰልፍ ላይ ሳለን ባለቤቴ ቀልድ ተወች። ከሠላሳ ዘመን በላይ አብሬአት ስኖር ቀልድ ስትተው ያየሁት በዚያን ቀን ነው።

ስንመለስ ዘነበ። የያዝነው ላስቲክ እስከ ጉልበቷ ድረስ በቃ። ቤት አስገብተን ካስተኛናት በኋላ እግሮቿን በሙቅ ውኃ ሳጥብ፣ ከጎማው የተፈናጠረው ጭቃ በጣቶቿ መሐል ደርቆ ነበር፤ ጨርቁም ርሶ ቋጠሮው አልፈታ ስላለኝ በመቀስ ቆረጥሁት። ያን ጊዜ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «በቃኝ። እንደ ሰው ከሆነ ልሂድ፤ እንደ አጣና ተጭኜ ግን አልሄድም» አለችኝ።

አምስተኛ ምስጋና የለኝም።

ከዚያ ወዲህ የቀጠሮዋ ቀናት ያልፋሉ። እኅቷ አልቅሳ ለመነቻት፤ ሐኪሙ በስልክ ለመናት፤ እኔም በሚያምርብኝና በማያምርብኝ መንገድ ሁሉ ለመንኋት። አዲሱ መኪና በየቀጠሮው ጠዋት ታጥቦ ይመጣል፤ ቀስበሉ በራችን ላይ ጥቂት ይቆምና፣ ከውስጥ ማንም እንደማይወጣ ሲረዳ ጥሩምባ ሳይነፋ ይመለሳል። እግሮቿ አብጠዋል፤ ትንፋሿ አጥሯል፤ ጠረኗ ተለውጧል፤ ሐኪሙ ያልደበቀን ነገር አሁን በቤታችን ውስጥ ከእኛ ጋር ይኖራል። አንድ ነገር ግን ብላኛለች፤ ደግሜ ደጋግሜ ጠይቄአት ቃሏን አልለወጠችም፤ እታለም ከመጣች ትሄዳለች።

ስለዚህ ወደ ግቢያችሁ ወርጄ ነበር። እታለም በአጥሩ ጥግ፣ ከተሰበሩ ወንበሮችና ከጽሕፈት መኪናዎች ጋር ቆማለች፤ ፍራሻችን ሳይቀር ከላይዋ ላይ አለ፤ ማንም አላነሣውም። ለሐራጁ ገና ጊዜ አለ። ጸሐፊዎ ግን፣ ስብሰባዎን ካበሠሩኝ በኋላ፣ ለማስወገድ የተመዘገበ ንብረት እስኪወገድ ድረስ ከቦታው እንደማይንቀሳቀስ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዱኝ። ደንቡ መልካም ደንብ ነው፤ እኔም ተቃውሞ የለኝም። የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፤ እታለም ሐራጅዋ እስኪደርስ ድረስ በሳምንት ሁለት ጠዋት እንድትፈቀድልን፤ ለዚህም መለዋወጫ አንጠይቅም፣ ፍሬን አንጠይቅም፣ አዲስ መመሪያ አንጠይቅም፤ የምትገፋ ከሆነ እኛ እንገፋታለን፤ ሐራጅዋ ሲደርስም ታጥባና ተጠርጋ፣ ከእነ ድንጋይዋ እንመልሳታለን። ይህን ለመፍቀድ ከወንበርዎ መነሣት እንኳ አያስፈልግዎትም፤ ብዕርዎን ማንሣት ይበቃል። ስለ ቀሩት ምስጋናዎች፣ ባለቤቴ መታጠብ ከጀመረች በኋላ እኔና እርስዎ በቂ ጊዜ ይኖረናል።

የመምሪያዎ ዘመን የረዘመ፣ ወንበሮቹ የለሰለሱ፣ ኮሚቴዎቹ እንደ ልማዳቸው በምቾት የተሞሉ ይሆኑ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ይህን ሁሉ ቃል ሳያቋርጡ ስላነበቡልኝ፣ ወይም ስብሰባው በማለቁ ምክንያት ካቋረጡትም በደግነት ስላጠፉት ጊዜ፣ እጅ በደረት አድርጌ፣ ለከፍተኛ ሥልጣንዎ ተገቢ በሆነው በማይጎድል አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የጤና ጣቢያው ጎረቤት፣ መቀመጥ የማትችል ሴት ባል፤ በጡረታ ላይ ያለ የቋንቋ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህ ደብዳቤ ለጋዜጣው ተሰጥቶ ተራውን ሲጠብቅ ባለቤቴ ዐርፋለች። የጋዜጣው አዘጋጅ ጽሑፉን ልመልስልህ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ምስጋና ያልተገለጸለት ሰው ቅር እንዳይለው በማለት አላስመለስሁትም፤ ይልቁንም አንድ ምስጋና ጨምሬበታለሁ። በመምሪያዎ ደንብ ውስጥ የሐዘን ትብብር የሚባል አንቀጽ መኖሩን፣ በዚህም አንቀጽ መሠረት ለማስወገድ የተመዘገበ መኪና አስከሬን ለማድረስ ከቦታው መንቀሳቀስ እንደሚችል አላውቅም ነበር። የባለቤቴ እኅት ወርዳ ስትናገር በዚያን ቀን ስብሰባ አልነበረም፤ ፈቃዱ ከምሳ ሰዓት በፊት ተፈርሟል፤ እታለምም በሐዘንተኛ ፊት እንዳታሳፍር ተብሎ ፍሬኗ ተሠርቶ፣ አዲስ ባትሪ ተገጥሞላት፣ ታጥባ መጣች። ባለቤቴ እግሯን እንደ ልቧ ዘርግታ፣ የኋላ መዝጊያው በትእዛዙ መሠረት ተዘግቶ፣ ተኝታ ሄዳለች። ከላይ ያቀረብሁት ጥያቄ በዚህ ሙሉ በሙሉ መልስ ያገኘ ስለ ሆነ፣ መዝገቤ እንዲዘጋልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።